ዋስ፣ ቁራኛና ሐራጅ፤ የሠራተኛ ፍርድ በላስታ ደጋ

በገድለ ላሊበላ ተጽፎ እንደምናገኘው፣ ቅዱሱ ንጉሥ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዐለት ፈልፍሎ ለማውጣት በተነሣ ጊዜ፣ ድንጋይ የሚወቅረውንም ዐፈር የሚያወጣውንም ሕዝብ በፊቱ ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ለድካሙ የሚሻውን ዋጋ በገዛ አፉ እንዲናገር ጠየቀው፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ፣ ኋላ ማንም ሰው ሳልወድ ተገድጄ ሠራሁ እንዳይል፣ ድካሙም ያለ ዋጋ ቀርቶበት እንዳያጉረመርም መሆኑን አስረዳ። ሕዝቡም ዋጋውን ተናገረ፤ ንጉሡም ሥራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ ተፈጸመበት ቀን ድረስ እንደየቃላቸው ሰጣቸው። መላእክት ሌሊት ወርደው ከሰው ጋር መሥራታቸውን ከላስታ ሕፃን እስከ ላስታ ሽማግሌ የማይተርክ የለም፤ በቀን የሠራው ሰው ደመወዙን መቀበሉ ግን በዚያው ገድል ውስጥ ተጽፎ ሳለ የሚያነሣው ጥቂት ነው። እኔ ግን ሁለተኛው ነገር ከፊተኛው ያላነሰ ተአምር ሆኖ ይታየኛል፤ የሠራተኛን ዋጋ ሥራው ሳይጀመር አስነግሮ፣ ሥራው እስኪፈጸምም ድረስ ሳያጐድል የከፈለ ባለሥልጣን በታሪካችን ብዙ ጊዜ አላገኘሁምና።

ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ በኩል በድሮው መንገድ ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ሰው፣ ዳገቱን ወጥቶ ደጋውን ከያዘ በኋላ ኩልመስክን ያገኛል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ላሊበላ ሲቃረብ፣ አፄ ይኩኖ አምላክ እንዳሠራት የሚነገርላትን ገነተ ማርያምን ይሳለማል። አገሩ ብርድ የጸናበት፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት፣ የተከዜ ውኃ የሚነሣበት ደጋ ነው። በእንዲህ ያለ አገር መሬቱ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ በመሆኑ፣ ከአባቱ ርስት የሚደርሰው ትልም የማይበቃው ጐልማሳ ለሌላ ሰው ማረስና የሌላ ሰው ከብት መጠበቅ፣ ኋላም ወደ ሩቅ ቆላ ወርዶ ጉልበቱን መሸጥ የቆየ ዕጣው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው ተሟግቶ ከረታ፣ ዳኛውም ይከፈለው ብሎ ከፈረደ በኋላ፣ ያ ቃል ከዳኛው አፍ እስከ ሠራተኛው እጅ ያለውን መንገድ በምን ኃይል ይሄድ እንደ ነበረ፣ ዛሬስ በምን ኃይል እንደሚሄድ ነው።

የደመወዝ ሕግ በዚህ ደጋ ከዳኛ አፍ አስቀድሞ በዐውደ ምሕረት ተሰምቷል። ኦሪት ዘዳግም የድኻው ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ ጦቢትም ልጁን ሲመክር የሠራተኛ ዋጋ በቤቱ እንዳያድር ያስጠነቅቀዋል፤ ሲራክ የምንደኛውን ዋጋ ማስቀረትን ደም ከማፍሰስ ጋር ያስተካክለዋል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም በባለጠጎች እጅ የቀረው የአጫጆች ዋጋ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ከጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይናገራል። ሊቃውንቱ በግእዝ ዐስብ የሚሉትን ሕዝባችን ደመወዝ ብሎ፣ ቃሉንም ደምና ወዝ እያለ ሲተረጉመው፣ ይህን ሁሉ ትምህርት በአንድ ቃል ጠቅልሎ መያዙ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም መንፈሳዊና ሥጋዊ ተብሎ በተከፈለው አንቀጹ ስለ ብድር፣ ስለ መያዣ፣ ስለ ዋስና ስለ ኪራይ የሚናገር ስለ ሆነ፣ ዕዳን የማስከፈል ሥርዓት ለቤተ ክርስቲያንም ለቤተ መንግሥትም የጋራ ትምህርት ሆኖ ኖረ። ሥጋዊ ዳኛ በሌለበት ቀበሌ እንኳ የንስሐ አባት ነበረና፣ የእረኛውን ገብስ አስቀርቶ በፋሲካ ለመቍረብ የመጣ ባለጸጋ አስቀድሞ የሚጠየቀው የሰው ገንዘብ በእጁ እንዳለና እንደሌለ ነበር።

በዚያ ዘመን ደመወዝ የሚባለው ነገር በወር የሚቈጠር ብር አልነበረም። እረኛ ሆኖ የተቀጠረ ልጅ ቀለቡን እየበላ ዓመቱን ሲፈጽም፣ አንድ ጋቢ ወይም ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና፣ የተወሰነ ቁና ገብስ፣ ጌታው ቸር ከሆነም አንዲት ግልገል ይቀበላል፤ ለማረስ የተቀጠረው ከምርቱ ድርሻ ይሰጠዋል፤ ወፍጮ የምትፈጭ፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት በቀለብና በቀሚስ ትኖራለች፤ ግንበኛው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ በእህል ወይም በሰቆጣ ገበያ በኩል ከአፋር በሚመጣው አሞሌ ጨው፣ ኋላም በጠገራ ብር ይዋዋላሉ። ደቦና ወንፈል ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት የጎረቤት ሥርዓት ስለ ሆነ ከዚህ ቍጥር አይገባም። ባሪያ የነበረው ሰውም ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበር፤ ራሱ የሌላ ገንዘብ ተብሎ ይቈጠር ስለ ነበረ የሚጠይቀው ዐስብ አልነበረውም፤ ባርነትን በ1916 ዓ.ም. ቀስ በቀስ እንዲቀር ያወጀው፣ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ፈጽሞ የሻረው ሕግ፣ ነጻነትን ከመስጠቱ ጋር ለብዙ ሺሕ ሰዎች ደመወዜን ብሎ የመክሰስን አፍ የሰጠ ነው።

ደመወዝ ዓመት ጠብቆ የሚከፈል በሆነ ጊዜ፣ ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ጠብ ፈልጎ እረኛውን ማባረር ክፉ ጌታ የሚያውቀው ብልሃት ነው። የተባረረው ልጅ ግን መሄጃ አላጣም። በአገራችን ሥርዓተ ሙግት ዳኛ የሚገኘው በአደባባይ ብቻ አልነበረምና፣ ባለጉዳይ ባለጋራውን በገበያ ወይም በመንገድ አግኝቶ በሕግ አምላክ ብሎ ሲያቆመው፣ የሚያልፍ ጨዋ ሰው ሁሉ ተለምኖ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይዳኛቸው ነበር። ሁለቱም ነጠላቸውን አሸርጠው፣ ዘንጋቸውን እየወዘወዙ፣ ተጠየቅ ልጠየቅ እየተባባሉ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ ይከራከራሉ፤ በዚያ ያልተስማማ ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ከዚያም ወደ ምስለኔውና ወደ አገረ ገዥው፣ መንገዱን የቻለም ወደ አፈ ንጉሡና ወደ ንጉሡ ድረስ ይግባኝ እያለ ይሄዳል። የአማርኛ አንደበት ከእንዲህ ያለው ሙግት ብዙ ውበት አግኝቷል፤ ጸሐፊዎቻችንም ስለዚህ ውበት ደጋግመው ጽፈዋል። እኔን ይልቅ የሚያስደንቀኝ ከንግግሩ በፊት የሚፈጸመው ነገር ነው።

ከንግግሩ በፊት ዋስ ጥራ ይባላል። ከሳሹም ተከሳሹም፣ በተቀጠረው ቀን እንደሚቀርቡ፣ የተፈረደባቸውንም እንደሚከፍሉ፣ ያላቸውንና የታመኑ ሰዎችን ዋስ ይጠራሉ፤ ዋስ ያጣ ሰው ይታሰራል ወይም በባለጋራው እጅ ይጠበቃል። እንግዲህ የዚህን ሥርዓት ጥበብ እናስተውል፤ ማን እውነተኛ ነው የሚለው ጥያቄ ገና ሳይነሣ፣ የተፈረደበት ዕዳ ከማን እጅ ይወጣል የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ መልስ ያገኝ ነበር። ጌታው እምቢ ቢል እረኛው ከጌታው ጋር መታገል አያስፈልገውም፤ ወደ ዋሱ ይሄዳል። ዋሱ ደግሞ የጌታው ጎረቤት፣ የማኅበር ጠጪው፣ የሰንበቴ ጓደኛው፣ ምናልባትም አማቹ ነው፤ ከኪሱ ከከፈለ በኋላ ዕዳውን የሚጠይቀው በእኩያነት፣ ሲያስፈልግም በበላይነት ነው። የአንዱ የድኻ ልጅ አቤቱታ በዚህ መንገድ ወደ ሁለት ባለርስቶች ጉዳይ ተለውጦ፣ እፍረትን፣ ዝምድናንና የጽዋ ማኅበርን ሁሉ አስከትሎ በባለዕዳው ደጅ ይቆማል። ፍርድን የሚያስፈጽም ወታደር በሌለበት ደጋ፣ ወታደሩ ይህ ነበር።

ዋስ ያልተገኘበት ወይም ዋሱ የከዳበት ነገር ወደ ቁራኛ ያደርስ ነበር። ቁራኛ ማለት ባለዕዳውና ባለገንዘቡ፣ አንዳንዴም ከሳሽና ተከሳሽ፣ በሰንሰለት ወይም በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ነገሩ እስኪቈረጥ አብረው የሚሄዱበት፣ አብረው የሚያድሩበት ሥርዓት ነው። ይህን አይተው የተደነቁ የውጭ አገር መንገደኞች በመጻሕፍታቸው ገልጸውታል፤ ካሜራ የያዙትም ፎቶግራፍ አንሥተውታል። በአንድ በኩል ሲታይ ዕዳ የተረሳ ወረቀት እንዳይሆን፣ ባለዕዳው በበላ ቍጥር ባለገንዘቡን፣ ባለገንዘቡም በተራመደ ቍጥር ባለዕዳውን እንዲያስብ የሚያደርግ ነበር። በሌላ በኩል ግን የሰውን ነጻነት ለገንዘብ መያዣ የሚያደርግ ጨካኝ ልማድ ከመሆኑም በላይ፣ ለሠራተኛው የሚጠቅመው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ምክንያቱም ከጌታው ጋር በአንድ ሰንሰለት ለመታሰር የሚደፍር እረኛ ከወዴት ይገኛል? ታስሮ በሚውልበት ቀንስ ማን ይቀልበዋል? ቁራኛ እኩዮችን የሚያስተሳስር ሆኖ ሳለ፣ ሠራተኛና አሠሪ እኩዮች አልነበሩም።

ስለዚህ ያለፈውን ዘመን ያለ ነቀፌታ ማወደስ ቅንነት አይሆንም። ዋስ የሚጠራው ሰው የሚታወቅ፣ ዘር ያለው፣ ርስት ያለው ሰው ነበረ፤ ከሌላ ቀበሌ መጥቶ የተቀጠረ መጻተኛ ግን አንተም ዋስ ጥራ በተባለ ጊዜ የሚቆምለት አጥቶ እውነቱን ይዞ ይመለስ ነበር። ዳኛውም በዳኝነቱ ገቢ የሚተዳደር ስለ ሆነ፣ ነገሩ ትንሽ፣ ከሳሹ ድኻ ሲሆን ትጋቱ ይቀዘቅዛል። የእጅ ሥራ ያለው ሰው ደግሞ በቀጥቃጭነቱና በሸማኔነቱ ይሰደብ ነበርና፣ አፄ ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚያውቀውን ሰው የሚሰድብ እንዲቀጣ ማወጃቸው፣ ደመወዝ ከመጠየቅ በፊት ሰው ሆኖ መታየት አስፈላጊ እንደ ነበረ ያስረዳናል። አሠሪው ራሱ አገረ ገዥው ወይም የገዥው ዘመድ የሆነ እንደ ሆነስ? ያን ጊዜ ለላስታው ሠራተኛ የሚቀረው መንገድ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንደኛው ደጅ መጥናት፣ ሁለተኛው ወደ ላይ መጮኽ።

መንግሥት ዳኝነትን በሥርዓት ለማደራጀት የጀመረው በዘመነ ምኒልክ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት በወጣው የፍርድ አስተዳደር ዐዋጅ ቋሚ ፍርድ ቤቶች በየደረጃው ተመሠረቱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አጥቢያ ዳኞች በየአካባቢው ትንንሽ ጉዳይ እንዲመለከቱ ተፈቀደ። ላስታ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ስለ ነበረ፣ የኩልመስኩ ባለጉዳይ ከአጥቢያው ተነሥቶ ወደ ላሊበላ፣ ከዚያም ይግባኝ ሲባልበት ወልድያን አልፎ ወደ ደሴ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ተስፋው ዙፋን ችሎት ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ይወርዳል። ከዛፍ ሥር የነበረው ዳኝነት ከቤት ገባ፤ ቃሉ በወረቀት ሰፈረ፤ ማኅተምም ታተመበት። ይህ ዐቢይ መሻሻል መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን የአንዲት ጋቢ ዋጋ ለማግኘት የስንቅ ዋጋ ከጋቢው የሚበልጥበት መንገድ ተከፈተ።

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን በአንቀጽ ለይቶ ደነገገ፤ በመጨረሻው ክፍል በቍጥር 3347 ደግሞ፣ ሕጉ በሸፈነው ጉዳይ ሁሉ ቀድሞ የነበረው የተጻፈም የልማድም ደንብ የተሻረ መሆኑን ገለጸ። ዋስትናን ሕጉ ራሱ ስለሚያውቀው ከውል ዐይነቶች እንደ አንዱ ሆኖ ቀረ፤ ነገር ግን ከሙግት በር ላይ የሚቆም ዘበኛ መሆኑ ቀረ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የፍርድን አፈጻጸም ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶ፣ ዛሬ ድረስ የምንሠራበትን ሥርዓት አቆመ። በዚህ ሥርዓት የረታው ሰው የፍርድ ባለመብት፣ የተረታው የፍርድ ባለዕዳ ይባላል። ባለመብቱ ፍርዱን ከተቀበለ በኋላ ነገሩ አለቀ ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እንደ ገና የአፈጻጸም አቤቱታ ጽፎ፣ መዝገብ አስከፍቶ፣ የዕዳውን ልክና ሊያዝ የሚገባውን ንብረት ለይቶ ያመለክታል። ፍርድ ቤቱ ባለዕዳውን ጠርቶ ስላለው ሀብት ሊመረምረው፣ ንብረቱን ሊያስከብር፣ በሐራጅ ሊያሸጥ፣ እየቻለ እንቢ ያለውንም ሊያስር ይችላል። ሕጉ ርኅራኄ ስላለው ባለዕዳው የሚለብሰውን ልብስና የሚተዳደርበትን የሥራ መሣሪያ አይነካበትም፤ አቤቱታው ግን ፍርዱ ከተሰጠ በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መብቱ በይርጋ ይቀራል።

ይህ ሥርዓት በነጋዴና በነጋዴ መካከል ሲሆን መልካም ይሠራል፤ ሁለቱም ጸሐፊ፣ ጠበቃና ጊዜ አላቸውና። በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ሲሆን ግን ከባዱ ሸክም በደካማው ትከሻ ላይ ይወድቃል። የጌታው በሬ በማን ስም እንደ ተመዘገበ፣ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ እንደ ተቀመጠ፣ መኪናው ለማን እንደ ተሸጠ ፈልጎ የሚያገኘው ሠራተኛው ነው። ንብረቱ በተከበረ ማግስትም ሚስት ወይም ወንድም መጥቶ የኔ ነው ብሎ ሲቃወም፣ ሕጉ ለሦስተኛ ወገን የሰጠውን ተገቢ መብት ለመሸሸጊያ ሲያውለው እናያለን። ይግባኝ ይባላል፤ አፈጻጸሙ ይታገዳል፤ ድርጅቱ ስሙን ለውጦ በሌላ በር ይወጣል። ዱሮ ዋስ ጥራ በሚለው አንድ ቃል የሚዘጋው ቀዳዳ ሁሉ አሁን ክፍት ሆኖ ይገኛል።

ሠራተኛው በብዛት ቆሞ መጠየቅ የጀመረው በፋብሪካ አገር ነው። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ አሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት፣ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ የመጡት አበራ ገሙ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1956 ዓ.ም. ድንጋጌው በዐዋጅ ቍጥር 210 ጸና፤ ክርክርን የሚመለከት ቦርድም ተቋቋመ። ይሁን እንጂ ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኞች በአንድ ድርጅት መገኘት ነበረባቸው፤ የቤት ሠራተኛ ደግሞ በዐዋጁ አልታቀፈችም። 50 ሰው በአንድ ጌታ ሥር የሚሠራበት ድርጅት በኩልመስክ ደጋ ስላልነበረ፣ ወንጂና አቃቂ ያገኙት መብት ለላስታው እረኛ በሬዲዮ የሚሰማ የሩቅ ወሬ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ደግሞ ለባለመሬት መገበርን ሽሮ፣ ከአቅመ ደካሞች በቀር ማንም ሰው ቀጥሮ እንዳያሳርስ ከለከለ፤ የገበሬ ማኅበራትም የራሳቸው ፍርድ ሸንጎ እንዲኖራቸው አደረገ። ከዚህ በኋላ በእርሻ የተቀጠረ ሰው ቢኖር የተከለከለ ሥራ ሠርቷልና፣ ደመወዜን ብሎ ወደ ሸንጎ መሄድ ራስን መክሰስ ያህል ሆነ። ክልከላው ለበጎ ታስቦ ነበር፤ ድኽነት ግን ሥራ ፈላጊውን ከደጁ አላጠፋውም።

ዛሬ የምንሠራበት ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011፣ ከእርሱ በፊት የነበሩትም 42/1985 እና 377/1996፣ በወረቀት ላይ ለሠራተኛው የሚያስቡ ሕጎች ናቸው። ሠራተኛ በደመወዙ ጉዳይ ሲከስ የዳኝነት አይከፍልም፤ የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ታዟል፤ የሥራ ውሉ የተቋረጠ እንደ ሆነ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ ድረስ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል፤ ከሥራ ውል የመነጨ የሠራተኛ ገንዘብም ከሌሎች ዕዳዎች ሁሉ ቅድሚያ አለው። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ በ1941 ዓ.ም. የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ደመወዝ ጥበቃ ካወጣው ስምምነት ጋር ይዛመዳል፤ በዚያም አሠሪ በከሠረ ጊዜ ሠራተኛው ከቀዳሚ ገንዘብ ጠያቂዎች እንዲቈጠር ተደንግጓል። ነገር ግን ደመወዝ የመጠየቂያው ጊዜ 6 ወር ብቻ ነው፤ ለግል አገልግሎት በቤት የተቀጠረች ሴትም ዛሬም ከዐዋጁ ውጭ ሆና በአሮጌው የፍትሐ ብሔር ሕግ ትዳኛለች። ከሁሉም በላይ፣ 60 ቀን የተቈረጠው ለውሳኔው ነው፤ ለአፈጻጸሙ ግን እንዲህ ያለ ቀን አልተቈረጠም።

የላስታ ሰው ችግር በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት የደጋው ጐልማሳ ስንቁን ይዞ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል፤ ሙቀቱን፣ ወባውንና ካላዛሩን ታግሦ ያጭዳል፤ የሚዋዋለው በደላላ አፍ፣ ምስክሩም አብሮት የወረደው የአገሩ ልጅ ነው። ባለ እርሻው ወይም ደላላው ገንዘቡን ያስቀረ እንደ ሆነ፣ ክሱ የሚሰማው ሥራው በተሠራበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ስለ ሆነ፣ ሰውየው ቆላ ተቀምጦ መሟገት ወይም ያለ ገንዘብ ወደ ደጋው መመለስ አለበት። ቢረታ እንኳ የአፈጻጸሙን መዝገብ ለመከታተል ከኩልመስክ መተማ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? የድሮው እረኛ የጌታውን ዋስ በእሑድ ቅዳሴ ያገኘው ነበር፤ የዛሬው አጫጅ ባለዕዳውን ዳግመኛ አያየውም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ የሌለውና የደበቀው አንድ አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ በላሊበላ ላይ በወረደ ጊዜ፣ በእንግዳ የሚኖረው ከተማ እንግዳ አጥቶ ባለ ሆቴሉም አስተናጋጁም አብረው ባዶ ቀሩ። ከባዶ ቤት ፍርድ ምንም አያወጣም፤ እንዲህ ያለውን ሰው ማሠርም ግፍ ነው። አበው ለዚህ እርቅንና ጊዜ መስጠትን ያውቁ ነበር፤ ሕጉም በየጊዜው ከፍሎ ለመጨረስ መስማማትን አይከለክልም። ሸሽጎ የለኝም የሚለው ግን ከሌለው ሰው ጋር በአንድ ሚዛን ሊመዘን አይገባውም፤ ሁለቱን መለየት የአፈጻጸም ዳኛ ዋና ሥራው ነው።

በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች የሚለው ተረት የሕዝባችንን የፍትሕ ፍቅር ያህል የሚገልጽ ነገር የለም። ነገር ግን ተረቱ ያላሰበው ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም ተፈርዶልን ሳለ ያልተመለሰችልን ጭብጦ ናት። እርስዋ ከሁለቱም ታሳዝናለች፤ እንጀራን ከማጣት በላይ በፍርድ ማመንን ታሳጣለችና።

መድኃኒቱ ከሩቅ የሚመጣ አይመስለኝም፤ በሥነ ሥርዓት ሕጋችን ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። ከቍጥር 147 እስከ 153 ባሉት አንቀጾች፣ ተከሳሹ ንብረቱን ሊያሸሽ ወይም ከአገር ሊወጣ መሆኑ ሲታወቅ፣ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ዋስ እንዲጠራ ወይም ንብረቱ እንዲከበር ማዘዝ ተፈቅዷል። ይህ በአዲስ ቋንቋ የተጻፈ የአባቶቻችን ዋስ ጥራ ነው። የቀን ሠራተኛው አያውቀውም፤ አቤቱታ ጸሐፊውም ብዙ ጊዜ አይጽፈውም። ሠራተኛው ክሱን በሚያቀርብበት ዕለት ይህን ቢለምን፣ ዳኛውም ማስረጃው በቂ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ቢፈቅድ፣ ለአፈጻጸሙም እንደ ውሳኔው የተቈረጠ ቀን ቢሰጥ፣ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ እንደ ቀድሞው ከሙግቱ በር ላይ ይመለስ ነበር፤ መጻተኛውን ያስቀር የነበረውን የድሮውን ክፋት፣ የዋስ ጥሪውን በድኻው ከሳሽ ላይ ባለማድረግ፣ እናስወግደዋለን።

ቅዱስ ላሊበላ ዋጋውን የጠየቀው መዶሻው በዐለቱ ላይ ሳያርፍ ነው፤ የከፈለውም ሕንፃው እስኪፈጸም ድረስ ነው። በዚያው ደጋ ዛሬም ዓመቱን የፈጸመ እረኛ አለ። ዳኛው ፈረድኩለት ብሎ መዝገቡን ቢዘጋ፣ ጸሐፊውም ማኅተሙን ቢመታ፣ ልጁ ገብሱን ተሸክሞ፣ ጋቢውን ደርቦ የእናቱን ደጅ እስኪያንኳኳ ድረስ ያ ፍርድ ገና በመንገድ ላይ ነው።